ደረቴ ላይ የበራው መብራት

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለጠላትም አይስጥ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ከስፖርት መኪና ባለቤቶች ጋር በቴሌግራም ስንጨቃጨቅ ነበር። የመኪኖቻችን ፋብሪካ «መሪው ውስጥ ያለው፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ኤርባግ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል፤ አምጡትና በነፃ ይቀየርላችሁ» ብሎ ጥሪ አድርጓል። እኛ ደግሞ የኛዎቹ በዱባይ በኩል ስለገቡ አይመለከተንም ተባባልን። የኔ መኪና የኤርባግ መብራት ግን ቀይ ሆኖ ከበራ ሰንብቷል።

በሕልሜ መኪኖቹ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ይዘው ተሰብስበዋል። እኛ ባለቤቶቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመናል፤ ግንባራችን ላይ የመኪና ሰሌዳ ተለጥፏል። አጠገቤ የግሩፓችን አስተዳዳሪ ዳምጠው ነበር።

«ምን ሆነን ነው?» አልኩት።

«ተጠርተን ነዋ! አሠራራችን ችግር አለበት አሉ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሸሚዝህን አውልቅ አሉኝ። ደረቴ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ ለካ በፕላስተር ሸፍኜው ኖሯል። ቀይዋ መኪናዬ ከወንበሯ ተነሳች።

«ይሄ ሰውዬ ደረቱ ውስጥ ብረት አለ» አለች። «አንድ ቀን ፈንድቶ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጨርሳል። ስንቴ ነገርኩት፣ አልሰማ አለኝ።»

ይህን ጊዜ ሚስቴ ረቂቅ በሩን ከፍታ ገባች። እንደ ልማዷ ልትደገፈኝ መጣች። አዳራሹ በክላክስ ተናወጠ።

«አትጠጊኝ!» አልኳት።

«ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ? ሁልጊዜ የምደገፍህ አይደለም እንዴ?» አለችና ሳቀች።

አንድ አሮጌ ሚኒባስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰውን ለምን እናንገላታለን? መብራቱን ብቻ እናጥፋለት። ካልታየ ማን ይጨነቃል?»

«እውነቱን ነው!» አሉ ሁሉም፤ የዝናብ መጥረጊያቸውን እያነሱ ድምፅ ሰጡ። መኪናዬ ብቻ አላነሳችም።

«የምትደገፈው እኮ እሷ ናት» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። የሰማት የለም።

ሚኒባሱ መቁረጫ ይዞ መጣና ከብብቴ ሥር አንዲት ሽቦ ቆረጠ። መብራቱ ጠፋ።

«እሰይ! ይኸው ተገላገልክ» አለች ረቂቅ፤ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ውስጤ አንድ ነገር ጠቅ ሲል ተሰማኝ። ስጮህ ነቃሁ።

ነግቷል። ረቂቅ አጠገቤ የለችም። የመኪናው ቁልፍም ከተሰቀለበት የለም። ስልኬን አነሳሁ፤ የድምፅ መልእክት ልካልኛለች፤ ከኋላ የመኪናው ጩኸት ይሰማል።

«ሆዴ፣ እንዳልቀሰቅስህ ብዬ ነው፤ እማዬን ላመጣት አዳማ እየሄድኩ ነው። መኪናህን ወስጃለሁ። ደሞ ያ ሲያበሳጭህ የከረመ ቀይ መብራት አለ አይደል? ትናንት የመኪና ኤሌክትሪሽያን ጋ ወስጄ አስጠፋሁልህ። እስቲ አመስግነኝ!»