ጋሽ ይወድቃል እና የወፎቹ ማማ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሟርተኛ አለ። የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ሰውየው የዓመት ፈቃድ ወጥቷል ማለት ነው። «እንዴት አደሩ?» ስትሉት «እስካሁን ደህና» የሚላችሁ፣ ልጅ ወለድኩ ብላችሁ ስታበሥሩት «ዋናው ማደጉ ነው» የሚላችሁ እሱ ነው። እኛም አለን። የሕንፃ ንድፍ ቢሯችን መሐንዲስ ናቸው፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ክቡርነታቸው «ጋሽ ይወድቃል» ይባላሉ።

ማዕረጉን ያገኙት በላባቸው ነው። ምንም ሠርተን ብናሳያቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አፍጥጠው ያዩና «ያምራል» ይላሉ። ገና ደስ ሳይለን «ይወድቃል» ይጨምሩበታል። ሰርጌ ላይ እንኳ፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሳቸው ተንበርክከው የመድረኩን እግር በጡጫ ሲፈትሹ ተገኙ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሙሽራዬ ጆሮ ጠጋ አሉ። ምርቃት መስሏት ጎንበስ አለችላቸው።

«ልጄ፣ ተራ በተራ ዝለሉ» አሏት።

አንድ ቀን ከሐይቅ ዳር ካለ ጥብቅ ደን ሥራ መጣልን። ጎብኚዎች ወፉንም አውሬውንም ሳይረብሹ ከላይ ሆነው የሚያዩበት ማማ ነው የተፈለገው። ታዲያ አንድ ዛፍ አይቆረጥም፤ ሲሚንቶ መሬት ውስጥ አይፈስም፤ ማማው ያረጀ ዕለትም ተፈታቶ ሲነሣ መሬቱ እንደነበረ መገኘት አለበት። ሥራ አስኪያጃችን፣ ሕልም የማይሰለቸው ጎልማሳ፣ ሳምንት ሳይሞላው ንድፉን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እግሩ እንጨት፣ አናቱ ዙሪያውን መስታወት።

«ያምራል» አሉ ጋሽ ይወድቃል።

ጣታቸውን ንድፉ ላይ ካለው መስታወት ላይ አሳረፉ።

«ግን ወፏ መስታወት አታውቅም። ሰማይ መስሏት ትመጣለች፣ አንገቷ ይሰበራል። ወፍ እናያለን ብለን የወፍ ሬሳ ልንለቅም ነው?»

«ጋሼ፣ ምልክት ይለጠፍበታላ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምልክቱ በፀሐይ ይለቃል። እንጨቱን ደግሞ ምስጥ ይበላዋል። ከዚያማ...»

«ይወድቃል!» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

መስታወቱ ቀረ። አስኪያጁ አኩርፎ ሰነበተ፤ እሳቸው ግን ማማውን በሐሳባቸው በነፋስ፣ በእሳት፣ በሰካራም ጎብኚ ሲደበድቡት ከረሙ። ምስጥ ይበላዋል ባሉት እንጨት ሥር ድንጋይ አስቀመጡ፤ እግሩ አፈር እንዳይነካም የብረት ጫማ አጠለቁለት። አንዱ ሲበሰብስ እሱ ብቻ ተፈቶ እንዲቀየር ሁሉንም በብሎን አሳሰሩት። ንድፉ ሲያልቅ ማማው ከእኛ ይልቅ የሳቸው ሆኖ ነበር። ይህን ለማንም እንዳልናገር ግን አስጠነቀቁኝ። ሲወድቅ ስሜ ይነሣል ብለው ነው።

ማማው ቆሞ ሊያልቅ ሲል፣ ሥራውን ለማየት አብሬያቸው ሄድኩ። ሁለት አናጢዎች አናቱ ላይ የመጨረሻውን አጥር ያስራሉ። ቆመው የሚሠሩትም፣ የሚወጡና የሚወርዱትም ከማማው ጎን በተተከለ ጊዜያዊ የእንጨት ርብራብ ላይ ነበር። ድንገት ከሐይቁ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ነፋስ ተነሣ።

«ውረዱ! ርብራቡ ይወድቃል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ይወድቃል።

ቅጽል ስማቸው እዚያም ደርሷል። አንደኛው አናጢ ቁልቁል አየና «ዛሬ ደግሞ ማንን ሊጥሉ ነው ጋሼ?» ብሎ ሳቀ። ሌላው መዶሻውን እንኳ አላቆመም። የሟርተኛ ዕጣው ይኸው ነው፤ እውነቱን የተናገረ ቀንም የሚሰማው አያገኝም።

እኚህ ሰው ከፍታ ይፈራሉ። ስንት ሕንፃ አስቁመው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ዳብሰው ነው የሚሄዱት። ያን ዕለት ወጡ። እኔ ከመኪናው የዝናብ ልብስ ይዤ ስመለስ፣ ርብራቡ አናት ላይ ሆነው አንዱን አናጢ በኮሌታው፣ ሌላውን በክንዱ ይዘዋል። ያሉትን ነገር ነፋሱ ወሰደው። አናጢዎቹ ግን ተከታትለው ወረዱ። የኋለኛው መሬት ሲረግጥ እሳቸው ገና እኩሌታው ላይ ነበሩ። ርብራቡ ሲጥ አለ። ከዚያ ከነሳቸው ተናደ።

ማማው ንቅንቅ አላለም።

ሐኪሙ ከወገባቸው በታች እንደማይታዘዝላቸው ለባለቤታቸው ሲነግራቸው፣ አስኪያጁና እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርን። ባለቤታቸው አላለቀሱም። የጋሼን ጫማ በፌስታል ይዘው ነበር፤ ፌስታሉን አጥብቀው ቋጠሩት። ወደ ክፍሉ ስንገባ ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አናጢዎቹስ?»

«ደህና ናቸው» አልኳቸው።

«ማማውስ?»

«ቆሟል ጋሼ።»

በደከመ ድምፅ፣ «በደንብ አያችሁት?» አሉ።

ማማው ተመረቀ፤ ጎብኚ ይወጣበታል፤ ወፎቹም አልተረበሹም። ጋሽ ይወድቃል ቤት ዋሉ። ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሕንፃው አሳንሰር የለውም። አንድ ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ባለቤታቸው በር ላይ ያዙን።

«ቀኑን ሙሉ ጣራ ጣራውን እያየ ይውላል» አሉ ቀስ ብለው። «የሚከራከረው ሰው ይፈልጋል። እኔ እንደሆንኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሺ ብዬ እሺታዬን ጨርሼዋለሁ።»

ሰኞ ዕለት አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ ወደ ሕንፃው ምድር ቤት እንደምንወርድ ነገረን። ምድር ቤቱ የጎማ መጋዘን ነበር። ሽታው አለቀቀውም፤ ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም የጎረቤቱን ግድግዳ ያሳያል። ማንም አላጉረመረመም። ጠረጴዛዎቻችንን ተሸክመን ወረድን።

ጋሽ ይወድቃል በተሽከርካሪ ወንበር የገቡ ዕለት፣ ሰላምታችንን እንኳ ሳይጨርሱ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ይሄ ውሃ ጠጥቷል። እዚህ የዋለ ሰው ሳንባውን ይታመማል። ማነው ጅሉ ይሄን የተከራየው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ አስኪያጁ።

ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ደረጃው አዩ፣ ወደ ወንበራቸው ጎማ አዩ፣ ወደ እያንዳንዳችን አዩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ያንን ባዶ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየን፤ ሁላችንም ሥራ ያለን መስለን አቀረቀርን።

«ኑ እስቲ» አሉ በመጨረሻ። «ቢያንስ ጠረጴዛዎቹን ከግድግዳው እናርቃቸው።»

ተነሥተን መግፋት ጀመርን። እሳቸውም ከወንበራቸው ሳይነሡ አንዱን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው አብረውን ገፉ።