ጉድጓድ ጠባቂውና የሚያፏጨው ጋን

ዝም አይነቅዝም ይላሉ ትልልቆች። እውነታቸውን ነው፣ አይነቅዝም። ይፈላል እንጂ። እኛ ሰቆጣዎች ደግሞ መክደን እንወዳለን፤ ድስት እንከድናለን፣ ገመና እንከድናለን፣ ሴት ልጅ ጠየቅ ጠየቅ ካበዛች አፏን እንከድናለን፤ ከከደንን በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለንና እጃችንን አራግፈን እንቀመጣለን። ከክዳኑ ሥር ምን እየተደረገ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ይህንኑ ሲጠይቅ የሚውል፣ ለዚሁም ደመወዝ የሚበላ። እህቴን የጠየቀውም እሱ ነው። ወሬው የእህቴ ይመስላል። የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴን ብርነሽን ሁለት ወገን ጠየቃት። አንደኛው ደሳለኝ ነው፤ የእኛው የሰቆጣ ልጅ፣ ኦጋዴን ወርዶ ፈረንጆች ነዳጅ ፍለጋ በቆፈሩት ጉድጓድ ላይ የሚሠራ፣ ለዕረፍት የመጣ። ሁለተኛው አንድ የጽጽቃ ባለ ከብት ሰውዬ ናቸው፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ስላሏቸው ሁለት ሴቶች ይፈልጋሉ። ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች ገባችሁ? አባቴ "አንድ ዳስ፣ አንድ ድግስ፣ ሁለት ሙሽራ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአንድ በሬ ሁለት ልጅ መዳር በእኛ ዘንድ ብልህነት ነው። ለበሬው አዘንኩ። ለራሴ ግን ከበሬውም በላይ አዘንኩ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ድሮ ስሜ ሲጠራ "አለሁ" ለማለት እንኳ ድምፄ የሚጠፋብኝ፣ ከኋላ ወንበር ተሸጉጬ የምውል ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጅ ማውጣት ለመድኩ። እጅ ማውጣት ክፉ ልማድ ነው፤ አንዴ ከጀመራችሁት አይለቃችሁም። ቤት ውስጥ አባቴ ሲናገር እንኳ እጄ ወደ ላይ ይል ጀመር። ልቤ ግን ያችው የድሮዋ ናት፤ እጄ ከወጣ በኋላ ነው "ምን አደረግሽ?" ብላ ደረቴን የምትደበድበው።

እንግዲህ ሁሉም በደሳለኝ ላይ ተንጠለጠለ። ለእሱ ከተፈቀደ፣ እህቴ ወደ ኦጋዴን፣ እኔ ወደ ስምንተኛ ክፍል። ካልተፈቀደ፣ ሁለታችንም ወደ ጽጽቃ።

ችግሩ የሰውዬው ሥራ ነው። ገበያ መሃል ምን ትሠራለህ ሲሉት፣ ሳያፍር፣ "ጉድጓድ እጠብቃለሁ" ይላል። ሰቆጣ በሳቅ ሞተች። "ማን እንዳይሰርቀው?" አሉት። ባለሱቁ ጋሽ ሰይድማ ጨርቅ መለካታቸውን ትተው፣ "ለመሆኑ እዚህ ስትመጣ ጉድጓዱን ለማን አደራ ሰጠኸው?" ብለው ጠየቁት። እሱም "ለጓደኛዬ" ብሎ የምሩን መለሰ። ሳቁ ባሰበት።

የሳይንስ አስተማሪያችን ብቻ ነው ያልሳቀው፤ ክፍላችን ድረስ ጋበዘው። ደሳለኝ ጠመኔ ይዞ ጉድጓዱን ሣለልን። "ከሥር ያለው ጋዝ እንደታሰረ ወይፈን ነው፣" አለን፣ "ሲነጋም ሲመሽም መውጣት ነው የሚያምረው።" ስለዚህ በከባድ ጭቃ ይጫኑታል፤ ዙሪያውን በብረት ቧንቧና በሲሚንቶ ያጥሩታል፤ አፉ ላይ ደግሞ ወፍራም የብረት ክዳን ይገጥሙለታል። አንዱ መዝጊያ ቢያፈስ ሌላው እንዲይዝ ነው። እሱ በየጠዋቱ የግፊት መለኪያውን ያያል፤ በቧንቧዎቹ መሃል ሾልኮ የተጠራቀመ ካለ በትንሿ መክፈቻ ቀስ አድርጎ ያስተነፍሰዋል።

እጄ ወጣ። "ሲያፈስ ያፏጫል?"

"ያፏጫል።"

"አያስፈራም?"

"የሚያፏጭስ አያስፈራም፤ የት እንደሾለከ ራሱ ይነግርሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይጠግኑት ዝም ያለ ነው።"

ይህችን በልቤ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የደሳለኝ ሽማግሌዎች ከቀጠሮው ቀድመው መጡ። የእናቴ ጠላ ጋኑ ውስጥ ገና እየፈላ ነው። እናቴን ሳላስተዋውቃችሁ፤ በእሷ ጠላ የማይምል የሰፈር ሰው የለም። በሌላው ነገር ሁሉ ለአባቴ ትታዘዛለች፤ በጋን ነገር ግን ጳጳስ ቢመጣ አትታዘዝም።

አባቴ ሀብቱ እንዲታይለት ነው መሰል፣ ጋኑን ከጀርባው አድርጎ መደቡ ላይ ተሰየመ። እኔ ከጎረቤት የተበደርነውን ጠላ እቀዳለሁ፤ ዓይኔ ሽማግሌዎቹ ላይ ስለሆነ ግማሹን ለመሬት አጠጣሁት።

"ሥራው ምንድነው?" አለ አባቴ፣ እያወቀ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አለቃ ኪሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የመንግሥት... ማለቴ የፈረንጅ... የጉድጓድ ነገር ነው።"

"ውሃ አለው?"

"የለውም።"

"እህልስ?"

"እሱም የለውም።"

"ታዲያ ልጄን ለባዶ ጉድጓድ ዘበኛ ልስጥ?"

ሽማግሌዎቹ በኽምጣኛ መንሾካሾክ ጀመሩ። ምስጢር ሲሆን በኽምጣኛ ያወራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ኽምጣኛ እየሰማ ማንን እንደሚደብቁ እንጃ። የሚሉት "ይቅርብን፣ እንነሳ" ነው። ጽጽቃ ታየችኝ።

ይኼኔ አንድ ነገር "ፉዩዩ" አለ።

ሽማግሌ ፊት ማፏጨት! አባቴ እንደ በርበሬ ቀላ። "ማነው የሚያፏጨው?"

"ጋኑ ነው" አልኩ።

"ጋንም ቢሆን!" ወደ እናቴ ዞረ። "ምረጊው!"

እናቴ ቃል ሳትተነፍስ ተነስታ ጭድ የገባበት ጭቃ አመጣችና መረገችው። በሌላ በኩል አፏጨ። "ጨምሪበት!" ጨመረችበት። አሁንም አፏጨ። "ድንጋይ ጫኝበት!" የወፍጮውን መጅ ጫነችበት። ጋኑ ጸጥ አለ።

"አያችሁ?" አለ አባቴ ተደላድሎ፣ "ነገር እንዲህ ነው የሚዘጋው።"

ሳይጠግኑት ዝም ያለ። እጄ ወጣ፤ ልቤ ደበደበችኝ፤ ግን ወጥቷል።

"አባባ፣ ጋኑ አልዳነም። ትንሽ ይተንፍስ።"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"ይተዋት እስቲ፣ ትናገር" አሉ አለቃ ኪሮስ፤ ለመሄድ ቸኩለው የነበሩት ሰውዬ ለወሬ ሲሆን ተመልሰው ተቀመጡ።

ተናገርኩ። ልቤ ገና የኋላ ወንበር ላይ ናት፤ አፌ ግን ሰባተኛ ክፍል ደርሷል። የደሳለኝ ጉድጓድ ባዶ እንዳልሆነ፣ ከሥሩ እንዲህ ያለ የሚፈላ ነገር እንዳለ፣ እሱም የሚጠብቀው ሌባ ሳይሆን ይህንኑ እንደሆነ ነገርኳቸው። "ደፍኖ መቀመጥማ አይበቃም፤ በትንሿ መክፈቻ ቀስ አድርጎ..." እያልኩ ሳለሁ፣

ዷ!

ክዳኑ ከነምርጊቱ ጣሪያ መታ። መጁ መደቡ ሥር ተንከባለለ። ድፍድፉ በአባቴ ነጭ ጋቢ ላይ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ወረደ፤ አንድ ጉርሻ የሚያህል ጭቃ ደግሞ የአለቃ ኪሮስ ጥምጥም ላይ ጉብ አለ። እግዜር ይመስገን፣ ከአባቴ ክርክር በቀር የተጎዳ የለም።

አለቃ ኪሮስ ጢማቸው ላይ የተረጨውን ድፍድፍ በጣታቸው ቀመሱ። "ጠላውስ ጥሩ ነበር" አሉ። ቀጥለውም፣ "እንግዲህ ጌታው፣ ይህ ጋን ነው። የእኛ ልጅ የሚጠብቀው የጋኑን ቅድመ አያት ነው።"

አባቴ ከጆሮው ጌሾ አወጣ። አየው። ጣለው። "ብርነሽን ውሰዱ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ በሩን አየሁት፣ ሩቅ ነው። "ይህችን ደግሞ ብዘጋት አንድ ቀን ጀርባዬ ላይ ነው የምትፈነዳው። ትማር። ትተንፍስ።"

እህቴ ተዳረች፤ በሬው ለአንድ ሙሽራ ብቻ ሞተ። ዛሬ አባቴ ገበያ ሲወጣ፣ "አማቼ እሱ ባይኖር ኦጋዴን በሙሉ ሰማይ ላይ ነበር" እያለ ይኮራል፤ ጋሽ ሰይድም በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔን ተማሪ ቤት "ጋን ጠባቂዋ" ይሉኛል። ይበሉኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው የሚሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ያን ቀን ግድግዳውን እያጠብን ሳለ ትዝ አለኝ። እናቴ በዕድሜዋ ጋን ፈንድቶባት አያውቅም። በጋን ነገር ጳጳስ የማትሰማ ሴት፣ ያን ቀን አባቴ ያላትን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳትመልስ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ ፈጸመች። ሁልጊዜ ከጋኑ ሥር የማትጠፋው በርጩማዋ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ነበረች።

"እማ፣" አልኳት፣ "እያወቅሽ ነው እንዴ?"

"ምኑን?" አለች ጨርቁን እየጨመቀች። "ሂጂ አጥኚ።"

ከዚያ ዝም አለች። አባቴ ግን እስከ ዛሬ የሚፈራው ጋን ብቻ ነው።