ወደ ግራ የሚያዘነብለው አውሮፕላን

በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ "ትንሽ ብቻ ቀረው" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ሰነፍ ቢሆን ኖሮማ አብረውት የሚኖሩት እፎይ ባሉ ነበር። እጁ የገባውን ነገር፣ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ከዚህም የተሻለ እንዲሆን ብሎ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ እንደገና ይፈታል። አንድ ፎቶ ለመስቀል ሲነሣ ግድግዳው ወንፊት ይሆናል። የጫማው ሁለት ቋጠሮዎች እኩል ካልሆኑለት ከመንገድ ይመለሳል። አገር የሚያቀናው እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚሉ አሉ። እነሱ ግን አብረውት ኖረው አያውቁም።

ዝናሽ ኖራለች፤ ያውም ሃያ አንድ ዓመት።

ስማቸው የሚባለው ባሏ ጎንደር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የንድፍ መምህር ነው። ባልደረቦቹ "ሊቀ ጠበብት" ይሉታል። ማዕረጉን ያገኘው አንድ ቀን ሰሌዳው ተንጋዷል ብሎ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሲያነሣና ሲያወርደው ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው የወጡ ጊዜ ነው። ደወሉ ሲደወል ሰሌዳው ቀጥ ብሏል፤ ክፍሉ ግን ባዶ ነበር። ሊቀ ጠበብት በውጤቱ ተደስቶ ወጣ።

ልጃቸው ሚስጥር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባሕር ዳር ስትሄድ አሮጌ ላፕቶፗን ለአባቷ ተወችለት፤ ብቸኝነት እንዳይሰማውም አንድ ጨዋታ ጫነችበት። ጨዋታው አውሮፕላን መሥሪያ ነው። ክንፉ፣ ሞተሩ፣ ጅራቱ፣ ጎማው በየዓይነቱ ተደርድሮ ይጠብቅሃል፤ ገጣጥመህ ታስነሣዋለህ። ስሌትህ ትክክል ከሆነ ይበራል፣ ካልሆነ ይከሰከሳል። ልጅቷ ለደግ አሰበች። ዝናሽ ግን በልጇ የምታዝንበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተራ አውሮፕላን ሠርቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አብርሮ ይሰለቸው ነበር። ሊቀ ጠበብት ግን አንድ ቀን የድሮ ፎቶ አየ። ከዘጠና ዓመት በፊት እንግሊዝ፣ ጣሊያንና ሌሎችም አገሮች ለአንድ ዋንጫ በአውሮፕላን ይሽቀዳደሙ ነበር። የሚነሡት ከመሬት ሳይሆን ከባሕር ላይ ነበርና አውሮፕላኖቻቸው በጎማ ፈንታ ጀልባ የሚመስሉ ሁለት ረጃጅም እግሮች ነበሯቸው። ሊቀ ጠበብት እንግሊዞቹ የመጨረሻውን ዋንጫ ከወሰዱባቸው አውሮፕላኖች አንዱን፣ ሰማያዊና ብርማውን፣ መረጠና ልክ እንደ ፎቶው አድርጌ እሠራዋለሁ አለ። ባሕር በዐይኑ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቁስቋም ያለው ቤታቸው ሰላም አጣ። ዝናሽ አንሶላ የዘፈዘፈችበት ሳፋ ውስጥ በጀልባ ቅርጽ የተቀረጹ ሁለት የልብስ ሳሙናዎች ሲንሳፈፉ አገኘች። ጎርጎራ ለሽርሽር ወርደው ምግቡ ተቋጥሮ እንዳለ ተመለሰ፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ጣና ዳር ተቀምጦ ዳክዬዎች ከውሃ ላይ እንዴት እንደሚነሡ ሲያይ ዋለ። ፒያሳ አንዱን ባለባጃጅ አስቁሞ መታጠፍ ወዴት እንደሚያጋድል ሊያይ አደባባዩን ሦስት ጊዜ በፍጥነት አዙረኝ ብሎት፣ ሰውየው በሦስተኛው ዙር "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። ስለ አጥር ሥራ ሊነግር ለአንድ ደቂቃ ብሎ የገባው የእድሩ ጸሐፊ አውሮፕላኑ አሥራ ስምንት ጊዜ ሲሰምጥ አይቶ፣ የመጣበትንም ጉዳይ ረስቶ፣ ሲመሽ ወጣ።

አዎ፣ ይሰምጣል። ክንፉ ልክ ነው፣ አፍንጫው ልክ ነው፣ ቀለሙም ከፎቶው አይለይም። ሞተሩን ሲለቀው ግን ግራ እግሩ ውሃው ውስጥ ይቀረቀርና አውሮፕላኑ ባለበት ይሾራል፤ ከዚያ ይገለበጣል። የሞተሩ ጉልበት ወደ ግራ እንደሚጫነው ስማቸው ያውቃል። መላው ነው የጠፋው። ክንፉን በአንዲት ጣት ያህል አረዘመ፣ መልሶ አሳጠረ። እግሮቹን አራራቀ፣ አቀራረበ። እራት እየበላ በድንገት ብድግ ይልና ላፕቶፑ ወዳለባት ትንሽ ክፍል ይገባል፤ ዝናሽ "ወጡ ቀዘቀዘ" ስትለው መልሱ ከግድግዳው ወዲያ ይመጣል። "ትንሽ ብቻ ቀረው።"

ይህ ሁሉ ለሐሜት የሚመች፣ የሚያስቅ ነገር ነበር። ዝናሽ በምትሠራበት የሆስፒታል ፋርማሲ ባልደረቦቿ የሊቀ ጠበብትን አዲስ ወሬ ሳይሰሙ ሻይ አይጠጡም። ሣቁ የቆመው ኅዳር ላይ አባቷ አያ አዳሙ ከገጠር፣ ከትክል ድንጋይ ሲመጡ ነው።

አያ አዳሙ የመጡት ለዐይናቸው ነበር። ግራው በጉብዝናቸው ጊዜ በእሾህ ጠፍቷል። ቀኙን ሞራ ሸፍኖት ሰው የሚለዩት በድምፁ ሆኖ ነበር። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነና ሐኪሙ ሳምንት ያህል እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ እንዳያነሡ፣ ዐይናቸውን ውሃ እንዳያስነኩ፣ ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ እንዲያደርጉ አዘዛቸው። ለሌላ ሰው ቀላል ትእዛዝ ነው። አያ አዳሙ ግን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከነዚህ ውስጥ በቀን ብርሃን የተቀመጡበት ጊዜ ቢደመር አንድ ሳምንት አይሞላም። ጤፋቸው ደግሞ ገና ማሳ ላይ ነው።

በዚያ ላይ አማቻቸውን አይወዱም። ምክንያት አላቸው። በሠርጉ ዋዜማ ስማቸው ትክል ድንጋይ ደርሶ የግቢውን በር ሲያየው ተንጋደደበት። ማንም ሳይጠይቀው ነቀለው። ሲያስተካክል፣ ሲለካ፣ ሲጠርብ ነጋ፤ በሩ ግን ቦታው አልተመለሰም። ከብቶቹ በባዶው በር ገብተው ዳሱ ውስጥ የተጎዘጎዘውን ሳር በታተኑት። አያ አዳሙ ልጃቸውን የዳሩት ሳር እየለቀሙ፣ ፊታቸውን አጥቁረው ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ "በር ነቃዩ" ይሉታል።

ስማቸው በዝናሽ ጉትጎታ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዝናሽ ለሥራ ስትነሣ አባቷ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ወዴት ነው ብትላቸው ዐይኔ ሸጋ ሆኗል፣ ጤፉ ይረግፋል፣ ምነው እዚህ እንደ አራስ ልተኛ አሏት። ለመነቻቸው። ተቆጣቻቸው። ጎንበስ ብለው አንዲት ነዶ ቢያነሡ የሚሆነውን ነገረቻቸው። አኩርፈው ተቀመጡ፤ ቦርሳውን ግን ከጉልበታቸው ላይ አላወረዱትም።

ባሏን ወደ ጓዳ ጠራችው።

"ከግቢ እንዳይወጡ። ያቺ ዐይን ከሄደች ሌላ የላቸውም።"

"አታስቢ" አላት፤ ዐይኑ ግን ወደ ትንሿ ክፍል ነበር። ከዚያም ያችኑ የ"ትንሽ ብቻ ቀረው" ቃል ተናገራት።

ዝናሽ ያን ጠዋት መድኃኒት ስትሰጥ ሁለቴ ሦስቴ እየቆጠረች ነው፤ ልቧ ሥራው ላይ አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ ደወለች፤ አይነሣም። አምስት ሰዓት ላይ ደወለች፤ አይነሣም። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቀችም። ለባልደረባዋ አስረክባ በባጃጅ ወደ ቁስቋም ወጣች። የግቢው በር ወለል ብሏል። ሳሎኑ ባዶ ነው። አሁን የት ደረሱ፣ መናኸሪያ ገቡ ይሆን፣ አቧራው ዐይናቸው ገባ ይሆን እያለች ወደ ውጭ ልትሮጥ ስትል ከትንሿ ክፍል የአባቷን ድምፅ ሰማች።

"አቁመው። አቁመው አልኩህ፣ ግራው እየሰጠመ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። አያ አዳሙ ገና ዝናሽ እንደወጣች ተነሥተው የግቢውን በር ከፍተዋል። ግን ዱላቸውን ትንሿ ክፍል በራፍ ላይ አስደግፈው ረስተውት ነበርና ሊወስዱ ተመለሱ። ሲገቡ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ይሾራል። ቆሙ። ዐይናቸው ከተጋረደ ወዲህ ሁሉ ነገር የደፈረሰ ቢጫ ሆኖባቸው ስለነበር እንዲህ ያለ ሰማያዊ ካዩ ዓመታት አልፈዋል። ምንድን ነው ይሄ ሰማያዊ ብለው ጠየቁ። ስማቸውን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው መቼ ታቆማለህ ብሎ ነው። ወንበር አቀረበላቸው።

ዝናሽ ጠብታውስ ብላ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ግድግዳው ላይ ወረቀት አየች። በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነው፤ ሰዓቱ ከነደቂቃው ተጽፎ የተደረገው ሁሉ ምልክት ተደርጎበታል። አንድም አልተዘለለም። አያ አዳሙ ግን ለልጃቸው አቤቱታ ነበራቸው። ይሄ ሰው ጠብታዋ መሐል ትረፍ እያለ አንገቴን ሲያቀናና ሲያዘነብል፣ እሷ ሳትወርድ ነፍሴ ልትወጣ ነበር አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጤፉ የተነሣው በቀን አንዴ፣ ያውም ለወጉ ያህል ነው። ሁለቱ ሰዎች የተጣሉት በሌላ ነገር ሆነ። አያ አዳሙ ነዳጁ የት እንደሚቀመጥ ጠየቁ። ስማቸው እግሮቹ ውስጥ ነው፣ በግራም በቀኝም እኩል ነው አላቸው፤ "እኩል" ሲል ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ ያለችኝ አህያ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ጭነቱን እኩል ባደርገው ወንዝ ስንሻገር ትጥለዋለች። ስለዚህ በቀኝ አበዛለሁ።"

"ሚዛን ማለት እኮ እኩል ነው፣ አያ።"

"ለቆመ ነገር። የሚሄደውን ሲሄድ ነው የምታየው።"

ሊቀ ጠበብት በሕይወቱ አንዱን ጎን ከሌላው አስበልጦ አያውቅም። ሁለት ቀን ተከራከረ። በነዚያው ሁለት ቀናት ሌላ ሌላውን ሲሞክር፣ አውሮፕላኑ ሲሾርና ሲገለበጥ፣ ሽማግሌው ከጎኑ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው ያዩ ነበር። ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ሁለቱም እግራቸው ከሥር ይንቀጠቀጣል። ዝናሽ አንድ ዕረፍት የለሽ ሰው ይበቃኛል ስትል ሁለት ሆኑባት።

በስድስተኛው ቀን ቀትር ላይ ዝናሽ ለምሳ መጥታ ጠብታውን ይዛ ስትገባ ስማቸው ነዳጁን ወደ ቀኝ እግር እያዛወረ ነበር። ፊቱ የሚታረድ በግ ይመስላል። አውሮፕላኑ ውሃው ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ስማቸው ዐይኑን መግለጥ አቃተው። ሞተሩን ለቀቀ። ጉልበቱ ሲጨምር የዘመመው አውሮፕላን ቀስ እያለ ቀና፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ሆኑ፤ ከኋላው ሁለት ነጭ መስመር እየጎተተ፣ ሳይሾር፣ ቀጥ ብሎ ሮጠ። ከዚያ መስመሮቹ ተቋረጡ።

"ተነሣች" አሉ አያ አዳሙ፣ በለሆሳስ።

አርባ ሰከንድ ያህል በረረ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ክንፉ ከልክ በላይ ጋደለና ባሕሩ ውስጥ ገባ።

"ውስጡ ሰው አለ እንዴ?" ብለው ጠየቁ ሽማግሌው።

"የለም፣ አያ።"

"እንኳንም። ለመታጠፊያው ነገ እናስብበታለን፣ ስማቸው።"

ስማቸው ስሙን ከእሳቸው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። መነጽሩን አውልቆ ይጠርገው ጀመር። የዚያን ቀን ጠብታዋ ስድስት ደቂቃ ዘገየች። ያዘገየችው ፋርማሲስቷ ናት፤ ብልቃጡን ጨብጣ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቀርታ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሐኪሙ ዐይናቸውን አይቶ አሰናበታቸው። ዝናሽ ወደ ትክል ድንጋይ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊት ወንበር አስያዘችላቸው። መኪናው እስኪሞላ ውጭ ቆመው ጠበቁ። አባቷ ፊቷን ትክ ብለው አዩት። ከአራት ዓመት በኋላ አጥርተው ሲያዩት ገና አሁን መሆኑ ነው።

"አርጅተሻል፣ ልጄ" አሏት።

ሣቀች። እሳቸው አልሣቁም።

"ይሄ ባልሽ ለሌለ ነገር እንዲህ የሚንገበገበው… ላለውስ እንዴት ነው?"

ዝናሽ ስለ አልጋው ነገረቻቸው። ሚስጥርን ስታረግዝ ጽንሱ እንዳይወርድ ተብላ ሦስት ወር ከአልጋ እንዳትነሣ ታዝዛ ነበር። ወገቧን ያማት ነበር፤ በየትም በኩል ብትተኛ አይሆንላትም። ስማቸው አልጋውን ፈታው። ራስጌውን ከፍ አደረገ፣ ጣውላውን ቀየረ፣ መሐሉን ዝቅ አደረገ፣ ተኚበት አላት፤ ጠየቃት፤ እንደገና ፈታው። ተመችቶኛል ብላ ስትዋሸው ፊቷን አይቶ ያውቅባት ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቶ አሥራ አንድ ጊዜ አፈረሰው።

"በአሥራ ሁለተኛው እንቅልፍ ወሰደኝ" አለች። "ስነቃ ወለሉ ላይ ተቀምጦ መፍቻውን ይዞ ይጠብቀኛል።"

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አያ አዳሙ አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገው ዞሩ።

"ይኸን ነገር ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?"

"እንጃ፣ አባ" አለች ዝናሽ። "የሚያስቀው ወሬ በዝቶ የዚህ ተራ አልደረሰም።"