ለሥነ ልቦና ሰው ፍለጋ

ትምህርት ራሱ ተማሪ ፍለጋ በእግሩ ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እዚሁ ሰቆጣ ሳስተምር ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ። የሚፈልገው በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር፣ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣናን የሚናገር ሰው ነው። "ከዚህ አካባቢ አንድም ተማሪ አስተምረን አናውቅም" አለኝ፤ ያፈረ ይመስላል።

ማስታወቂያ ለጠፍን። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ዝር አላለም። የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬማ "ይህን ሁሉ ተምሬ ከእብድ ጋር ልዋል?" ብሎኝ አረፈ። በአራተኛው ቀን ዝናሽ መጣች፤ የአማርኛ መምህርት ናት፣ ጎበዝ። ብቻ እናቴን አስፈቅዱልኝ አለች። ወንድሟ በባሕር ወደ ሳውዲ ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ እናትየዋም ከሰው ጋር ማውራት ትተዋል።

እናትየዋ ወደሚኖሩበት ወደ ደሃና ወጣን። መንገዱ የመምህሩን ተረከዝ ላጠው፤ አላማረረም። እናቷን እማማ ብርዛፍን ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲለቅሙ አገኘናቸው።

"እማማ፣ እንዴት ነዎት?" አለ መምህሩ በአማርኛ።

"ደኅና ነኝ።"

"እንቅልፍስ?"

"ደኅና ነኝ።"

አለቀ። ዝናሽ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በኽምጣና አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ጉድ ነው! ሴትዮዋ ተናገሩ፣ አለቀሱ፣ ደግሞ ተናገሩ። መምህሩ ዐይኑ በራ፤ ማስታወሻውን አወጣ። "ምን አሉሽ?"

ዝናሽ ዐይኗን ጠረገች። "'ወንድምሽን ባሕር ወሰደብኝ፤ አንቺን ደግሞ ይህ ሰውዬ ሊወስድብኝ ነው' ነው የምትለው።"

መምህሩ ማስታወሻውን ዘጋ። ቆይቶ "እርስዎ ካልፈቀዱ አትሄድም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቸግሮን ነው እንጂ" አለ። ዝናሽ ነገረችልን። እማማ ብርዛፍ አሰብ አደረጉና አንድ ነገር ሲሉ ልጃቸው ሳቀች።

"'ቋንቋው የቸገረው እሱ አይደል? ለምን ራሱ አይማርም? ትሂድ፤ ግን እሱም ይማር' ትላለች።"

መምህሩ እሺ አለ። እኔ ሰቆጣ ከገባሁ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ቋንቋውን ግን አላውቅም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ዝናሽ በሁለት ዓመት ተመርቃ ተመለሰች። የሄደ ልጅ ያላቸው እናቶች ከደጇ አይጠፉም፤ ወንድሟ ግን እስከ ዛሬ አልደወለም። መምህሩ በስልክ ከእሷ ይማራል፤ ከሰላምታ አላለፈም። እማማ ብርዛፍ ሰቆጣ በመጡ ቁጥር "ሰውዬው ተመረቀ?" ይላሉ አሉ። እኔንም እንዳይጠይቁኝ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ቶሎ ሰላም ብዬ አልፋለሁ፤ በአማርኛ።