ዳኛ አይደምርም

ነጥብ ሰጪ የሌለበት ከተማ የለም። የኛ ከተማ የለበትም የሚል ካለ፣ ነጥብ ሰጪው ራሱ እሱ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ሳያይ ድንኳኑን የሚገመግም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ንፍሮውን ካለፈው ለቅሶ ንፍሮ ጋር የሚያወዳድር፣ ሰው ሲጣላ ሌላው ሊገላግል ሲሮጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚመለከት፣ እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። የሌላው ከተማ ነጥብ ሰጪ ግን ነጥቡን ከሆዱ ነው የሚያወጣው። የሚዛን አማኑ ክቡር ዳኛ ጥበቡ ሕግ አለው።

ይህን ሕግ ወዳም ይሁን ሳትወድ ከማንም በላይ የምታውቀው ባለቤቱ ትርፌ ናት። ጥበቡ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሲማር ቦክስ ሞክሮ ነበር፤ አፍንጫው ሲሰበር ጓንቱን ሰቀለና የቦክስ ዳኝነት ኮርስ ወሰደ። ዛሬ የስፖርት መምህር ነው። የዳኝነት ፈቃዱን ግን በላስቲክ አስለብጦ እስካሁን ያሳድሰዋል። ትርፌ "ለምንህ ነው?" ስትለው "ምናልባት" ይላታል። ሚዛን ላይ የቦክስ ግጥሚያ ተደርጎ አያውቅም። "ምናልባት ምን? ዶሮዎቼ ሲጣሉ ልትዳኛቸው ነው?" ትለዋለች።

ሕጉ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ዙር የበለጠው አስር ያገኛል፣ ያነሰው ዘጠኝ፤ ተመትቶ ወለል የነካ ደግሞ ስምንት። ዳኛ የሚያየው በንጹህ ያረፈ ምትን፣ ፍሬ ያለው ማጥቃትን፣ መድረኩን ማን እንደገዛውና ማን እንደተከላከለ ነው። ችግሩ ክቡር ዳኛው ይህን ሁሉ የሚያየው መድረክ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። አደባባዩ ጋ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ተነካክተው ሲሰዳደቡ፣ ትርፌ የገዛችውን ቲማቲም አንጠልጥሎ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ቤት ሲገባ ቲማቲሙ ፈርጧል። "ባለ ቀዩ ሸሚዝ ብዙ ወረወረ፣ ግን አንዱም አላረፈለትም" አላት። "ያኛው 'ፍሬንህን ሳታሠራ ለምን መንገድ ወጣህ?' ያለው ግን አገጩ ላይ ነው ያረፈው። አስር ለዘጠኝ!"

አንድ ጊዜማ ንጋቷ የምትባል ሴት ከቱም ከተማ መጥታ "የዳኛው ቤት የት ነው?" ብላ ብትጠይቅ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ትርፌ ቁርስ ቤት ጠቆማት። ትርፌ ከጓዳ ብቅ ስትል ሴትዮዋ ለጥበቡ እጅ ነስታ የድንበር ክርክሯን እያሰማች ነው።

"እናቴ፣ እኔ እኮ የቦክስ ዳኛ ነኝ" አላት ደንግጦ።

"ጌታዬ፣ የቦክስም ቢሆን ዳኛ ዳኛ ነው" አለችና ቀጠለች።

ምን ያድርግ? ሰማት። ስትጨርስ "እስካሁን የመታሽው አየር ነው" አላት። "ጎረቤትሽ አጥሩን ሲያፈርስ ያዩ ሰዎች አሉ ያልሽው ብቻ ነው ያረፈው። ፍርድ ቤት ስትቀርቢ በሱ ጀምሪ።" ከወር በኋላ ሴትዮዋ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ አሸክማ መጣች። ትርፌ ያን ሙዝ ለደንበኞቿ ስታድል ኩራቷ ለጉድ ነበር፤ ለባሏ ግን አልነገረችውም።

ለሷ ምግብ ግን ነጥብ ሰጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ዶሮ ወጥ አቅርባ "እስቲ ስንት ትሰጠዋለህ?" አለችው።

"ከማን ጋር ተጋጥሞ?"

"ወጥ ነው ያልኩህ፣ አንተ ሰው!"

"እኮ። ለብቻው ለቆመ ነጥብ አይሰጥም። ተጋጣሚ አምጪ።"

በማግስቱ ደረቅ እንጀራ አቀረበችለት። "ይኸው ተጋጣሚው" ስትለው እንጀራው ትን እስኪለው ሳቀና "አስር ለስምንት!" ብሎ ጮኸ።

ከሁሉ የሚያበሽቃት ግን ሌላ ነው። ማታ ተጣልተው፣ ተኮራርፈው ቢያድሩ፣ ጠዋት "ትርፌዬ፣ እንዴት አደርሽ?" ብሎ ሻይ ይቀዳላታል። "ትናንት ያልከኝን ረሳኸው እንዴ?" ስትለው "ወረቀቱን አስረክቤያለሁ፤ አሁን አዲስ ዙር ነው" ይላታል። ይሄም ከሕጉ ነው። ዳኛ እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ነጥቡን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለመሀል ዳኛው ይሰጣል። ከሰጠ በኋላ አይሰርዝም፣ አይደልዝም፣ ማን እየመራ እንደሆነም አያሰላም። የሚደምረው ሌላ ሰው ነው። "የሚደምር ዳኛ ዓይኑ ያለው ያለፈው ዙር ላይ ነው" ይላል ጣቱን ቀስሮ። "ዳኛ አይደምርም!" ትርፌ ግን ትደምራለች፣ እግዜር ይይላት! የቀረበት የወንድሟ ምርቃት፣ ሳይነግራት ያዋሰው ፍራሽ፣ በእናቷ ፊት የተናገራት ነገር፣ አንዱም ከድምሩ አልወጣም።

ጥበቡ በሙሉ ክብሩ የሚሰየመው እሁድ ነው። አሜሪካ ቅዳሜ ማታ የሚደረገው ግጥሚያ እዚህ እሁድ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል። ወደ ቤተክርስቲያን የሚሄደውም ከዚያ የሚመለሰውም ቁርስ ቤቱን ሞልቶ፣ ጎደሬ በዳጣ አቅርቦ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል። ክቡር ዳኛው የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል "ድምፁን ዝጉት!" ይላል። ሕዝቡ በጮኸ ቁጥር ዓይን ጆሮን ያምናል፣ ስለዚህ ጆሮን ማባረር ነው። አጠገቡ የማይጠፋው ቲቶ ነው፤ ሸኮ የምትኖረው የትርፌ እህት ልጅ። ለትምህርት አማን መጥቶ እነሱ ቤት ያደገው ይሄ ልጅ ዛሬ ቁመቱ በር አያስገባውም። ጥበቡ ጆንያ በቡና ገለባ ሞልቶ ጓሮ ካለው ዋንዛ ላይ ሰቀለለት፤ ቦክስ የጀመረው በዚያ ጆንያ ነው።

ዘንድሮ ያ "ምናልባት" መጣ። በከተማዋ ስታዲየም የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ ተዘጋጀና ቲቶ ከጅማ ከሚመጣው ኢሳይያስ ጋር ተመደበ። ዕለቱ ሲደርስ ከሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች አንዱን ጭቃ መንገድ ላይ አስቀረው። አዘጋጆቹ ፈቃድ ያለው ሰው እዚሁ እንዳለ ሰምተው ቁርስ ቤቱ ድረስ መጡ። ጥበቡ ግን "አይሆንም" አለ። "ልጁ የሚስቴ የእህት ልጅ ነው። እኔው ነኝ ያሳደግኩት።"

የኢሳይያስ አሠልጣኝ ወልደአማኑኤል ሻዩን አስቀመጠና "ራሱ ከተናገረ ይቀመጥ" አለ። "እኔ የምፈራው የማይናገረውን ነው።"

ትርፌ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ እልል አለች። ነገሩ አለቀላት። ባሏ ከኋላዋ መጥቶ "ጥጥ ይኖርሻል?" ሲላት እንኳን ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ጥጡ ለጆሮው ነበር። ስታዲየሙ በቲቶ ስም ሲናወጥ ጥበቡ ጆሮውን ደፍኖ መድረኩ ሥር ተቀምጧል፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። በሁለተኛው ዙር ቲቶ ጎኑን ተመትቶ በጉልበቱ ወለሉን ነካ፤ ትርፌ "ወይኔ ልጄን!" ብላ ጮኸች። ግን ተነሳ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ሲታገል ያላበደ ሰው አልነበረም። በስድስተኛውና በመጨረሻው ዙር ቲቶ ቡጢውን አዘነበው፤ በወረወረ ቁጥር ሕዝቡ ያገሳል፣ ትርፌ ነጠላዋ የት እንደወደቀ አላወቀችም። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ተቃቅፏል። ከዚያ የነጥቡ ውጤት ተነበበ። አንደኛው ዳኛ ለቲቶ፣ ሁለተኛው ለኢሳይያስ። "ዳኛ ጥበቡ፣ ሃምሳ ሰባት ለሃምሳ ስድስት... አሸናፊው ኢሳይያስ!"

ቀጥሎ የመጣው ስድብ እዚህ አይጻፍም። ትርፌ ያየችው ባሏ ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ሲከት ነው። ቲቶ በአጠገቡ ቀና ብሎ ሳያየው አለፈ፤ ዕለቱኑ ልብሱን ሰብስቦ ሸኮ እናቱ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ቢደወልለት አያነሳም።

ትርፌ ባሏን አፋጠጠችው። "እኩል ነበሩ!" አለችው። "እስከ አምስተኛው ድረስ ያንተው ነጥብ እኩል ነበር፣ ወረቀትህን አይቶ አገር ደምሮታል! ያችን የመጨረሻ አስር ለልጃችን ብትጽፋት ምን ትሆን ነበር?"

"እኩል መሆናቸውን አላወቅኩም። ዳኛ አይደምርም።"

"ልጄ ነው እኮ!"

"የኔስ አይደለም?" አለ። "ከወንበሬ ሳልነሳ ጌታዬ ቲቶን አሸናፊ አድርግልኝ ብዬ ለምኛለሁ። ጸሎቱ ሌላ ነው ትርፌ፣ ወረቀቱ ሌላ ነው።"

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ጠዋት ጠዋት ሻይ ይቀዳላታል፤ ሳትነካው ይቀዘቅዛል። ደንበኛውም ቀረ፤ የመጣውም ቢሆን "እትዬ ትርፌ፣ ስኳሩን አብዢው፣ ባልሽ አንድ ሳይቀንስብኝ" እያለ ይወጋታል። ጥበቡ እሁድ እሁድ ባዶ ቤት ውስጥ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ያያል። የቲቶን ወንበር አጠገቡ አስቀምጦ ማንንም አያስቀምጥበትም። ትርፌ ያን ወንበር ባየች ቁጥር በማን እንደምትናደድ ይጠፋታል።

አንድ እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ በሩ ተከፈተና ቲቶ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። "እንዴት አደራችሁ" አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትርፌ ዘላ ልታቅፈው ፈልጋ ፊቱን ስታይ ቆመች። ስልኩን አወጣ።

"ጋሼ፣ ስድስተኛውን ዙር ሰው ቀርጾት ነበር። ደጋግሜ አየሁት። ባየሁት ቁጥር የማሸንፈው እኔ ነኝ። ምን አይተህ ነው?"

ጥበቡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ድምፁን ዝጋው።"

ሦስቱም ስልኩ ላይ አጎነበሱ። ጩኸቱ ሲጠፋ ትንሿ ስክሪን ላይ የቀሩት ሁለት የደከሙ ልጆች ናቸው። ቲቶ ይወረውራል። ትርፌ ሳታስበው "ክንዱ ላይ ነው" አለች ለራሷ። "ይሄም ክንዱ ላይ... ይሄ ጓንቱ ላይ..." ኢሳይያስ ዝም ብሎ ቆይቶ ግራ እጁን ቀጥ አድርጎ ሰደደ፤ የቲቶ ራስ ወደ ኋላ ሄደ። "ይሄ አረፈ" አለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ይሄም።" ያን ቀን እሷ ስትጮህ፣ ይህን የመሰለ ነገር አጠገቧ እየሆነ ነበር።

ዙሩ ሲያልቅ ቲቶ ጥበቡን አልጠየቀም። ወደ እሷ ዞረ። "አክስቴ፣ ስንት ለስንት?"

ትርፌ ባሏን አየችው፤ ባሏ ወለሉን ያያል። ልጁን መዋሸት ትችላለች። አፏም ለመዋሸት ተከፍቶ ነበር።

"አስር ለዘጠኝ" አለች እንባዋ እየመጣ። "ለኢሳይያስ ነው፣ የኔ ጌታ።"

ቲቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና "ጋሼ፣ ጆንያው አለ?" አለ።

"ዝናብ ትንሽ አበስብሶታል እንጂ አለ" አለ ጥበቡ።

ልጁ ወደ ጓሮ ወጣ። ትርፌ ጎደሬውን ልትጥድ ጓዳ ገባች። ጥበቡ ተከትሏት ገብቶ ሻይ ቀዳላትና አጠገቧ አስቀመጠው፤ ግን አልሄደም። ውጤቱ እስኪነበብ መሀል መድረክ ላይ እንደሚቆም ቦክሰኛ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ።

"ትርፌ" አለ። "አንቺ እንደምትደምሪ አውቃለሁ። እስቲ ንገሪኝ... ከተጋባን ጀምሮ እኔና አንቺ ስንት ለስንት ነን?"

ትርፌ ታውቀዋለች። ምርቃቱም፣ ፍራሹም፣ እናቷ ፊት የተባለውም በቃሏ ነው፤ ልጥራው ብትል ጎደሬው በስሎ እስኪያርር አትጨርሰውም። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ የቀዳላትን ሻይ አንስታ ገና ትኩሱን ጠጣችው።

"ውጣና ልጁን አሠራው" አለችው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሳቋን እንዳያይባት። "ዳኛ አይደምርም።"