ጥፋቱ ማንን ይከተላል?

የፌሌቲ ትልልቅ ጣቶች የራውተሩን የሚሞሪ ካርድ ጥርሶች በእርሳስ ላጲስ ይፈትጋሉ፤ የሕፃን ጆሮ እንደሚያጸዱ፣ በቀስታ። ወገቡ ላይ እንደ አገራችን የክብር ልብስ ሰሌኑን ታጥቋል። ክቡር ፌሌቲ ሰሌን ሳይታጠቅ የማንንም ራውተር አይከፍትም። «በሽተኛ ፊት እንዴት ራቁቴን እቆማለሁ?» ይላል።

በየደሴቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሕዝብ ሁሉ የተበላሸ ነገር ሲያይ «አጥፍተህ አብራው» ይላል። እሱ ግን ከመንገድ ማዶ ሆኖ «እንዳትነኩት! ገና አልተናገረም!» ብሎ ይጮኻል። ዕቃው ከጠፋማ ምን እንዳመመው ይረሳል ባይ ነው።

ባለፈው ወር የክሊኒኩ ራውተር በድንገት ጠፍቶ በራሱ ተነሣ። ነርስ ካሎላይኔ ልትጥለው ነበር። ፌሌቲ ራውተሩ ሲወድቅ የተወውን መልእክት አንብቦ በጣቱ ወደ ጣሪያው አመለከተ።

«ከሞተ ኮከብ የተነሣች ብናኝ ናት። ስታልፍ ሚሞሪውን ነካችውና አንዷን ዜሮ አንድ አደረገቻት። አንዴ ከሆነ የሰማይ ነው፤ ሁለቴ ከሆነ የራሱ ነው።»

ያን ሁሉ ውቅያኖስ ትታ የኛን የቫቫኡን ደሴት ዝገታም ቆርቆሮ ያገኘችውን ብናኝ እያሰብኩ አንጋጥጬ ቆየሁ። አንገቴን አመመኝ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን ፌሌቲ አይለቀንም። መዘምራኑ መሐል አንድ የተጣመመ ድምፅ ተሰማ ሲባል እኔንና አብራኝ የምትዘምረውን ሉፔን ቦታ አቀያየረን፤ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ጥፋቱ የወንበሩ ነው፤ መስኮት ሥር ነው፤ ነፋስ ይገባበታል» ብሎ ፈረደ። ወንበሩ ተነሥቶ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ለእሑዱ የጉድጓድ ምድጃ ሥጋ የሚጠቀለልበት የጎደሬ ቅጠል እንዲያመጣልኝ ፌሌቲን ላክሁት። እሑድ እኛ ዘንድ ቅጠል አይቀጠፍም፤ መፍቻም አይነሣም። እኔ የአባቱ እኅት ነኝና በኛ ወግ እንቢ ሊለኝ አይችልም። መንገዱ ግን በክሊኒኩ በኩል ነበር።

ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ፍለጋ ወጣሁ። የልቤን ምት የያዘው ወረቀትም ዋና ከተማችን ኑኩአሎፋ ላለው ዶክተር የሚላከው በዚያው ራውተር ነው። ስደርስ ራውተሩ ዳግመኛ ወድቋል፤ ያውም በዚያው በሚሞሪው ቦታ። ላጲሱም አልጠቀመም።

«በቃ፣ ራውተሩ ሰኞ ለጥገና በመርከብ ይሄዳል» አለች ካሎላይኔ። «ልብ የሚያመው ሁሉ አብሮት ይሳፈር።»

እኔ ባሕር እፈራለሁ። ደሴት ላይ ተወልዶ ባሕር መፍራት ያሳፍራል።

ፌሌቲ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ሁለቱን የሚሞሪ ካርዶች አወጣና ቦታቸውን አቀያየረ።

«ጥፋቱ እዚያው ቦታው ላይ ከቀረ መቀመጫው ነው የታመመው፤ ከካርዱ ጋር ከሄደ ካርዱ ነው።»

አበራው። ፀሐይዋ ዘንባባዎቹ ጋ ደርሳለች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወረደ፤ እሱም እንደ ጸሎት በከንፈሩ ተከተለው።

«ጥፋቱ ካርዱን ተከትሎታል» አለ በሹክሹክታ፤ የታመመውንም ካርድ ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«አንተ ሰውዬ፣ በግማሽ ሚሞሪ እንዴት ሊሠራ ነው?» አለች ነርሷ።

«አክስቴ በስንት ሚሞሪ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት?»

ሳቄ አመለጠኝ። የራውተሩም መብራቶች አረንጓዴ ሆኑ። ወረቀቴ ሄደ፤ ሳይጨልም መልሱ መጣ፦ ያንኑ መድኃኒት ትውሰድ፣ መምጣት አያስፈልጋትም።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ፌሌቲ፣ ያኔ መዘምራኑ ጋ ስታቀያይረን የተጣመመው ድምፅ ማንን ነበር የተከተለው?»

መፍቻውን በሰሌኑ ጫፍ ይወለውል ጀመር። ወለወለ፣ ወለወለ።

«ወንበሩን ነው፣ አክስቴ።»

ከዚያ አፍ ውሸት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የእሑዱን ሥጋ ጉድጓድ ምድጃው ውስጥ ያለ ቅጠል ቀበርነው። የጎደሬ ቅጠሉ እስካሁን ማሳው ላይ ነው። አንዴ ከሆነ የሰማይ ነው ብዬ ትቼለታለሁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜም ቅጠሉን ረስቶ መቅረቱን አልቆጠርኩበትም።