ዜና ወለል ዘእትዬ አይሆንም፤ የጋራዡን ንጣፍ በጀርባቸው ስለ መምረጣቸው

የመኪናው ዘይት መንጠብጠብ በጀመረ በዘጠነኛው ዓመት፣ የኋላ መብራቱ በጠፋ በአራተኛው፣ በዘመነ ዝገት፣ በወርኃ ጭቃ፣ መዋኢተ ሲሚንቶ፣ ጽንዕተ ክሳድ፣ ለሻጭ ምላስ የማይበገሩት እመቤት፣ ስመ መንግሥታቸው እትዬ አይሆንም፣ በቤታቸው ነግሠው ሳሉ የሆነው ነገር ይህ ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ አትክልት ሻጩም ቧንቧ ሠራተኛውም መጀመሪያ ከአፋቸው የሚሰማው እሱን ነበርና።

ባለቤታቸው ጋሽ ክሪክ ይባላሉ፤ ቀድሞ የታክሲ ሹፌር የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከማለዳ እስከ ማታ ከዚያች አሮጌ መኪና ሥር የማይጠፉ። ጋራዡ ውስጥ ቆመው ያያቸው ሰው የለም፤ እንግዳ ሲመጣ ሰላም የሚለው ጫማቸውን ነበር። ወመንበረ መንግሥታቸውስ አንድ የማቀዝቀዣ ካርቶን ነው፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ፣ አቧራው የሚቦን፣ እርጥበቱ ካርቶኑን አልፎ አጥንት የሚልስ። በዚህም ምክንያት ጀርባቸው ታመመ፤ ሲነሡ የሚሰማውን ድምፅ ከመኪናው በር ድምፅ መለየት አስቸገረ።

በዚያም ወራት ሴት ልጃቸው፣ ነርሷ፣ ለመኪናዋ ገዢ አግኝታ መጣች፤ በሳሎኑም መካከል ቆማ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦

«አባዬ፣ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ይመጣል። እስከዚያ ጀርባህን የማይበላ ወለል ካልተገኘ መኪናው ይሸጣል።»

ጋሽ ክሪክም ከመኪናው ሥር እንደተጋደሙ የመልስ አዋጅ አወጡ፦ «እንግዲያው እኔንም ከመለዋወጫው ጋር ሽጡኝ።»

ለቀልድ ያሉት ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቀልድ አልወጣም። እትዬ አይሆንም ሰሙት፣ ሆዳቸውም ባባ፤ በመንግሥታቸው ግን ሆዴ ባባ የሚል ቃል ስለሌለ የጓዳውን በር ገጭ አድርገው ዘግተው፣ መልሰው ከፍተው፣ «መኪናው አይሸጥም፤ ወለሉ ይለብሳል» ሲሉ አወጁ።

ወእምዝ ዘመቻው ተጀመረ። መጀመሪያ ሴራሚክ ገባ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ፊት የሚያሳይ፣ እትዬ ሱቁ ድረስ ሄደው በእግራቸው ረግጠው የመረጡት፤ ክሪኩ ሲቆምበት እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። በሁለተኛው ዘመቻ ዋርሳቸው ቀለም ቀቢው የወለል ቀለም ይዞ መጣ፤ ቀብቶም ሲያበቃ ሳምንት ሳይሞላው ጎማ እንዳይነካው አስጠነቀቀ። መኪናዋ ግን ደጅ አድራ አታውቅምና ባልና ሚስት በዚያው ማታ ገፍተው አስገቧት፤ ቀለሙም ከወለሉ ተነሥቶ ጎማው ላይ ተለጠፈ፣ መኪናዋ አረንጓዴ ጫማ ያደረገች መሰለች። የሦስተኛው ዘመቻ ነገር፣ ከሳሎን ተገፎ የወጣው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ እሱስ አይወራ፤ ዘይት ጠጥቶ ተኮራመተ፣ ሳሎኑም ራቁቱን ቀረ።

እንዲህ ሲባል ወሩ አለቀ። በዋዜማው ዓርብ ከሰዓት የጋሽ ክሪክ ጀርባ ተቆልፎ ከመኪናው ሥር መውጣት አቃታቸው። እትዬ ካርቶኑን ይዘው ቢጎትቱ ካርቶኑ ተቀደደ፤ ምን ይደረግ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጀርባቸው እየተንፏቀቁ ገቡና ከባላቸው ጎን ትከሻ ለትከሻ ተጋደሙ። ያን ጊዜ ብርዱ በማጅራታቸው ገብቶ በወገባቸው ወጣ። ይህ ሰው ስንት ክረምት እዚህ ላይ እንደተኛ አሰቡ። አንዲት የዘይት ጠብታም ከላይ ወርዳ ግንባራቸው ላይ አረፈች፣ እንደ ቅብዐ መንግሥት። ተቀብተው፣ ባላቸውንም እየገፉ ይዘው ወጡ፤ እንዲህም አወጁ፦

«ስንሞኝ ከረምን። እሱ እዚህ ቆሞ ያውቃል? እኛ በእግራችን ስንረግጥ፣ ሰውዬው የሚኖረው በጀርባው ነው።»

ወበሳኒታ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሠራዊቱ ወደ ንጣፍ ሱቁ ተመመ። ከፊት እትዬ አይሆንም የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፤ ቀጥሎ መዶሻ ያዡ ዋርሳቸው፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት በውሃ ፕላስቲክ የያዘች፣ የማታውቃቸው ለመምሰል ወደ ኋላ የቀረች ልጃቸው፤ ከሁሉ በኋላ ክሪኩን እንደ ሕፃን ያቀፉ፣ ወገባቸው የጎበጠ ጋሽ ክሪክ፤ የጎረቤት ውሻም ሳይጠራ ተከተለ።

ሻጩ ስለ ቀለም ምርጫ ማስረዳት ሲጀምር እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ናሙናው ላይ ተጋደሙ። ሴራሚኩ ላይ ተኙ፣ አይሆንም አሉ። ጣውላው ላይ ተኙ፣ በጎናቸውም ዞረው ሞከሩት፣ አይሆንም። ገበያተኛው ሁሉ የያዘውን ትቶ ከበበ፤ ልጃቸው ከተጠቀለለው ምንጣፍ ኋላ ተሸሸገች። ሻጩም እጁን አጣምሮ ይህን አወጀ፦

«እናቴ፣ አልጋ የሚሸጠው ማዶ ነው።»

ማን ሰምቶት። ጥጉ ላይ ጥቁር ወፍራም የጎማ ንጣፍ ነበር፣ ጎረምሶች ብረት የሚያነሡበት ቤት ወለሉን የሚያለብሰው። እዚያ ላይ ሲጋደሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩም። ሻጩ እዚሁ የሞቱበት መስሎት ላብ አጠመቀው። ኋላ እጃቸውን ሲዘረጉ መዶሻው መጣ፤ መቱት፣ ነጠረ። ክሪኩን አቆሙበት፤ ሲያነሡት የጎደጎደው መልሶ ሞላ። ዘይቱን አፈሰሱበት፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ጸዳ። ጋሽ ክሪክም ሳይጠሩ መጥተው ከጎናቸው ጋደም አሉ፤ ጀርባቸውም ምንም ድምፅ አላሰማም። እመቤቲቱም የባላቸውን ፊት ዞር ብለው አይተው፣ ስመ መንግሥታቸውን በገዛ አፋቸው ሽረው፣ «ይሄ ይሆናል» አሉ።

ከሰዓት ገዢው ሲደርስ የጎማው ንጣፍ ጋራዡ ውስጥ ተነጥፏል፤ ከመኪናዋ ሥር ሁለት ጫማዎች ብቅ ብለው ማንኮራፋት ይሰማል። ነርሷ ገዢውን በር ላይ አቁማ ጎንበስ ብላ አየች፣ መዳፏንም ንጣፉ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። የመጨረሻው አዋጅ የእሷ ነበር፣ በሹክሹክታም ተነገረ፦

«ይቅርታ፣ በከንቱ ደከሙ። አይሸጥም። አባቴ ተኝቷል።»

መኪናዋማ እስከ ዛሬ አልተነሣችም፤ ይህ ግን የወለሉ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ክብር ለእትዬ አይሆንም ይሁን፣ ለመዋኢተ ሲሚንቶ፣ በዘይት ለተቀቡት። ሌሎች ነገሥታት ፈረስ ላይ ተቀምጠው ድል አደረጉ ይባላል፤ እሳቸው ግን የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በሱቅ መካከል፣ ሰው እያየ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ድል አደረጉ።